አሥራ አንድ ደቂቃ እረፍት

እረፍት የሚወጣው የደከመው ልጅ ብቻ ነበር። ይህ የክፍላችን አራተኛ ደንብ ነው። መድከማችንን የምናውቀው ግን እኛ ሳንሆን ጠረጴዛችን ነበር። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ስትለወጥ ተማሪው ተነሥቶ መዳፉን በሩ ላይ ያሳርፋል፤ በሩ ይከፈታል፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ግቢ ውስጥ ቆይቶ ይመለሳል። መብራቱ ቢጫ ላልሆነ ልጅ በሩ አይከፈትም።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ የእኔ መብራት ቢጫ የምትሆነው አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰዓት ላይ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካዎቹ ሰፈር በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ነው። በክፍላችን ሃያ አራት ልጆች ነበርን። የምንደርሰው በሁለት ሁለት ደቂቃ ልዩነት ስለሆነ በር ላይ መጋፋት የሚባል ነገር አልነበረም። የእኔ ደቂቃ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ነው። ቀድሜ ከደረስኩ ከመንገዱ ማዶ መሬት ላይ በተቀባልኝ ክብ ውስጥ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ገብቼ እቀመጣለሁ፤ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ እከታለሁ፤ መምህሬ «እንደምን አደርሽ ትርሲት» ትለኛለች። እያንዳንዳችን የየራሳችን መምህር ነበረን። የእኔዋ ድምፅ የእናቴን ዕድሜ የምታህል ሴት ድምፅ ነው። ተቆጥታኝ አታውቅም።

ቀጥሎ የሕዝብ መዝሙር ነው። ሁላችንም እንዘምራለን፤ ግን እያንዳንዱ ልጅ የሚጀምረው ከተቀመጠበት ደቂቃ ስለሆነ፣ እኔ የመጨረሻውን ስንኝ ስል ከኋላዬ ያለው ልጅ ገና የመጀመሪያውን ያነሣል። ሃያ አራት ልጆች አንዱን መዝሙር ለመጨረስ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይፈጅብን ነበር።

የቀሩት ደንቦች ከባድ አልነበሩም። ማዳመጫ ከመግቢያ እስከ መውጫ ከጆሮ አይወጣም። ጥያቄ ያለው የራሱን መምህር ይጠይቃል። ምሳ የራበው ልጅ በራበው ሰዓት፣ በመቀመጫው ይበላል። ሰው ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ ዓይን አይተከልም። በአንድ መንፈቅ ሦስት ጉድለት ያገኘ ልጅ ክፍሉ ይቀየራል። ይህ ቅጣት አይባልም፤ «የቦታ ማስተካከያ» ነው የሚባለው።

እኔ ሁለት ጉድለት ነበረብኝ። የመጀመሪያው፣ አንድ ልጅ መምህሩ በነገረው ነገር ብቻውን ሲስቅ ዞሬ አፉን ስመለከት ሦስት ሰከንድ ስላለፈኝ ነው። ሁለተኛው፣ መስከረም ላይ ዝናብ ሲጥል የጣራውን ቆርቆሮ ለመስማት ማዳመጫዬን ስላወጣሁ ነው።

ውጤታችን ጥሩ ነበር። የሁላችንም ጥሩ ነበር።

ግቢያችን የሚከተሉት ነገሮች ነበሩት፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የወይራ ዛፍ፣ ሰንደቅ ዓላማ የሌለው የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ፣ እና እትዬ ይመኙሻል። እትዬ ይመኙሻል ግቢውን ይጠርጋሉ። ግቢው ለእረፍት ስለሆነ የሚከታተል ዓይን አልተተከለበትም፤ ስለዚህ ሰላምታ ብቻ የተፈቀደላቸው ቢሆንም እሳቸው ያወሩ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ስወጣ ሲሚንቶው ላይ በሸክላ ስባሪ የተሣሉ ስድስት ሳጥኖች አገኘሁ። በየሳጥኑ ውስጥ የቀን ስም ተጽፏል። የተጣመመ፣ አንዱ ፊደል ትልቅ ሌላው ትንሽ የሆነ ጽሑፍ ነው። ሰው በእጁ የጻፈውን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እኛ ማንበብ እንጂ ፊደል በእጅ መጻፍ አልተማርንም።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰኞ ማክሰኞ ነዋ! አታውቂውም? ኧረ ጉድ!» መጥረጊያቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉ። «ትናንት እጄን በላኝና ሣልኩት።»

«ለምን ይጠቅማል?»

«ለምንም አይጠቅምም። ይዘለልበታል።»

ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብሰብ አድርገው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሰኞ ላይ ጣሉና በአንድ እግራቸው ዘለሉ። «ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ብወድቅ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ!» ረቡዕ ላይ ተንገዳገዱና ሁለተኛ እግራቸውን አሳረፉ። «አየሽ? ሁለት እግር ካሳረፍሽ ወይም መስመር ከረገጥሽ አለቀ። ተራው የሌላዋ ይሆናል።»

«የማን?»

«የጓደኛሽ ነዋ።»

ይህን ብለው ግቢውን ዞር ብለው አዩት። እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

«እኛ ስንማር» አሉ፣ «አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ነበር የምንቀመጠው፤ በክርን እየተጓሸምን። ደወል ሲደወል ደግሞ አራት መቶ ልጅ ባንዴ ግር ብሎ ይወጣል። አቧራው ብትዪ፣ ጩኸቱ ብትዪ!»

«አራት መቶዋችሁም ባንዴ ይደክማችሁ ነበር?»

እትዬ ይመኙሻል እስኪያስላቸው ሳቁ። «ማን ደክሞት!» አሉኝ።

በዚያ ቀን እስከ ማክሰኞ ደረስኩ። ረቡዕ ላይ መስመር ረገጥኩ። እትዬ ይመኙሻል ወደ ቧንቧው ሄደው ስለነበር ማንም አላየኝም፤ ግን ድንጋዩን ረቡዕ ላይ ትቼ ገባሁ። በማግስቱ ስወጣ ድንጋዩ ሐሙስ ላይ ነበር። ከሳጥኖቹ በስተቀኝ በሸክላ ስባሪ ሦስት አጫጭር ጭረቶች ተጭረዋል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። የሆነ ሰው ሦስቱን ጨርሶ፣ ሐሙስ ላይ መስመር ረግጦ፣ እንደ እኔ ማንም ሳያየው ተራውን ለቋል።

እኔም በስተግራ ሁለት ጭረት ጫርኩና ቀጠልኩ።

እንዲህ እያልን ሁለት ወር ተጫወትን። ዓርብ ዕለት ወጥቼ የተውኩት ድንጋይ ሰኞ ዕለት ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ዝናብ ሲያጥበው ከሁለታችን ቀድሞ የወጣው መስመሩን ይመልሰዋል። የሌላው ሰው መስመር ከእኔ የበለጠ ቀጥ ያለ ነበር።

«እትዬ፣ ማን ነው?»

«መናገር አልችልም። ፈርሜያለሁ።»

«ሴት ናት?»

«ሂጂ ወዲያ! አንቺ ልጅ ከሥራ ልታስወጪኝ ነው።» ጥቂት ጠረጉ። «እንደ ፌንጣ ነው የምትዘለው። ካንቺ ትሻላለች።»

«እኔና እሷ ባንድ ጊዜ ብንወጣስ?»

መጥረግ አቆሙ። «ዘጠኝ ዓመት ይሄን ግቢ ስጠርግ ሁለት ልጅ ባንድ ጊዜ ቆሞበት አይቼ አላውቅም።»

«ደንቡ አይከለክልም እኮ። ሁለት ልጅ ባንዴ ከደከመው ሁለቱም ይወጣሉ።»

«ይሁና» አሉ። «ደንቡን የምታነቡት እናንተ ናችሁ። እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። አንድ ጊዜ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ሌላዋ ስትዘል ቆሜ ማየት።

መቼ እንደምወጣ ልነግራት ይገባል፤ መጻፍ ደግሞ አልችልም። ዘዴውን ያገኘሁት ከምሰሶው ነው። ስወጣ የምሰሶው ጥላ ጫፍ ያረፈበት ቦታ ላይ በሸክላው መስመር አሰመርኩ፤ ከጎኑ የእግሬን ቅርፅ ሣልኩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ምሰሶው ቀረብ ብሎ ሌላ መስመር ተሠምሯል። ጥላው እዚያ የሚደርሰው አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ከጎኑ የእሷ እግር ተሥሏል። ከእኔ ያንሳል።

በዚያ ቀን ማታ እራቴን እንደበላሁ ተኛሁ። እናቴ ከፈተል ፋብሪካው ስትመለስ ግንባሬን ዳሰሰችው። «ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«እንዳይደክመኝ ነው።»

«ጎበዝ» አለችኝ። ሌላ አልጠየቀችም።

ጠዋት ሁለት ጊዜ ቁርስ በላሁ። አራት ሰዓት ሲሆን መብራቴ አረንጓዴ ናት። አራት ተኩልም አረንጓዴ ናት። አራት ከሠላሳ ስምንት ላይ ቢጫ ስትሆን ወንበሬን ገፍቼ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ግቢው ባዶ ነበር። ድንጋዩ እኔ ያሰመርኩት መስመር አጠገብ፣ በትክክል የእግሬ ሥዕል መሐል ተቀምጧል።

እትዬ ይመኙሻል ከቧንቧው አጠገብ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ እናንተ! እሷም አራት ሰዓት ላይ ወጥታ፣ በሩን በሩን ስታይ ቆይታ ገባች።»

እኔ ወደ እሷ ሰዓት ስሄድ እሷ ወደ እኔ ሰዓት መጥታ ነበር። ግቢው መሐል ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን የሚሰማ እንደሌለ ሲታወቀኝ አቆምኩ።

በማግስቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ሦስተኛ መስመር አሰመርኩ፤ አጠገቡ ትልቅ እግርና ትንሽ እግር ጎን ለጎን ሣልኩ። አራት ሰዓት ከሃያ ማለት ነው። ጨዋታችን ማክሰኞ ላይ የነበረ ቢሆንም ድንጋዩን አንሥቼ ዓርብ ላይ አስቀመጥኩት። በቀጣዩ ቀን ስወጣ ድንጋዩ ሳይነካ እዚያው ዓርብ ላይ ነበር። ከሁለቱ እግሮች በታች አንድ ጭረት ተጨምሯል። ተስማምታለች።

ዓርብ ዕለት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ባለፈው አርባ ደቂቃ መቆየት ስለቻልኩ፣ ሃያ ደቂቃ ማለት ሌሊቱን በደንብ ተኝቶ አንድ ቁርስ መብላት ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። አራት ሰዓት ላይ ቢጫ ብትሆንብኝስ ብዬ ሦስት ቀን በተከታታይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተኛሁ፤ ጠዋት እንቁላል በላሁ፤ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩ። ክፍል ስገባ ዓይኔ እንደ መስታወት ጠርቶ ነበር።

አራት ከአሥራ አምስት። መብራቴ አረንጓዴ ናት። ጥያቄዎቹን ቀስ ብዬ መመለስ ጀመርኩ፤ አዛጋሁ፤ አገጬን በእጄ ደገፍኩ።

አራት ከሃያ ሲሆን ከፊቴ ያለው ወንበር ተንቀሳቀሰ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀመጥኩት ከዚያች ልጅ ጀርባ ነው። ማጅራቷን አውቀዋለሁ። ሹሩባዋን ጫፍ ላይ በሰማያዊ ክር እንደምታስር፣ ከግራ ጆሮዋ በታች ጠባሳ እንዳላት፣ ስታስብ ትከሻዋን እንደምትሰበስብ አውቃለሁ። ፊቷን አይቼው አላውቅም። መብራቷ ቢጫ ነበር። ተነሣች፤ ስትራመድ እያነከሰች ነበር፤ መዳፏን በሩ ላይ አሳርፋ ወጣች።

«ትርሲት» አለችኝ መምህሬ፣ «ዛሬ ትኩረትሽ ድንቅ ነው። እረፍቱን እንዝለለውና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንግባ።»

«ደክሞኛል» አልኳት።

«አልደከመሽም» አለችኝ፣ በፍቅር።

ማዳመጫዬን አወጣሁ።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። ሃያ ሁለት ልጆች ለየመምህሮቻቸው ያንሾካሹካሉ። አንዱ «ሰባት» ይላል፤ አንዷ «አልገባኝም፣ እንደገና» ትላለች፤ አንዱ ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ወደ በሩ ሄጄ መዳፌን አሳረፍኩ። አልተከፈተም። ሁለተኛ ሞከርኩ። ከበሩ ሥር የውሃ መውጫ የሚሆን፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ተንበርክኬ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

ኮቴ ሰማሁ። ክፍተቱ ላይ ጥላ አረፈ።

«አንቺ ነሽ?» አለች። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አልወጣሽም?»

«አልደከመኝም።»

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እንዲደክመኝ ብዬ ከቤት እስከዚህ ዳገቱን በሩጫ ነው የመጣሁት። ሁለት ጊዜ። ወርጄ እንደገና ወጣሁ።»

«እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ወድቄ ነው።»

ከመምህሬና ከእናቴ በቀር፣ ከእትዬ ይመኙሻልም በቀር፣ ከሰው ጋር ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም ነበር። እሷም እንዲሁ መሰለኝ። ብዙ ደቂቃ በሩን መሐላችን አድርገን ዝም ብለን ተቀመጥን። ከሩቅ የእትዬ ይመኙሻል መጥረጊያ ድምፅ ይሰማል። ስሟን ልጠይቃት ስል ሲሚንቶው ላይ የሚፋቅ ድምፅ ሰማሁ። ድንጋዩ በክፍተቱ በኩል ገብቶ ጉልበቴን ነካኝ። ከእጇ ይሞቅ ነበር።

«በይ እንግዲህ» አለች። «ተራሽ ነው።»

አሥራ አንዱ ደቂቃ አልቆ ስለነበር በሩ ለእሷ ተከፈተ። ፊት ለፊት ቆምን። አፍንጫዋ ላይ ላብ ነበር፤ ጉልበቷ ላይ ደም ደርቋል። ዓይኔን ከዓይኗ ሳልነቅል ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እሷም አልነቀለችም። ከዚያ በአጠገቤ አልፋ ሄዳ ተቀመጠች። በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። መውጣት እችል ነበር። ግቢው ግን ባዶ ሆኗል።

ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። እንደገና ማጅራቷ ከፊቴ ነው።

በዚያው ቀን ለእናቴ የዕለቱ ሪፖርት ደረሳት። «ለልጅዎ የቦታ ማስተካከያ ተደርጎላታል። ትኩረቷ ድንቅ ነው» ይላል። እናቴ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሰኞ ዕለት ከሕንፃው ማዶ ባለው ክፍል ገባሁ። እዚያም ሃያ አራት ልጆች ነን። መምህሬ ያችው ናት። ከፊቴ የሚቀመጠው ወንድ ልጅ ነው፤ ማጅራቱን ገና አልለመድኩትም። ይኸኛው ግቢ የራሱ ምሰሶ አለው፤ የሚጠርገው ማሽን ነው፤ ሲሚንቶው ላይ የሚሣል ነገር እስከ ቀጣዩ ልጅ አይቆይም።

እትዬ ይመኙሻል በወር አንዴ ማሽኑ የማይደርስበትን ጥግ ሊጠርጉ ይመጣሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ እኔ ከወጣሁበት ሰዓት ጋር ገጠሙ። ስሜን አልጠሩም፤ ወደ እኔም አላዩም። እየጠረጉ ነው የነገሩኝ።

«ያችኛዋ ደህና ናት። እግሯ ድኗል።»

«ትጫወታለች?»

«የት! ወጥታ ሳጥኑ አጠገብ ትቆማለች። ድንጋይ እኮ ሞልቷል፣ ሌላ አንሺ ብላት እንቢ አለች። ተራዬ አይደለም ነው የምትለኝ።» መጥረጊያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ካለሽ ስጪኝ፤ እወስድላታለሁ።»

ድንጋዩ በዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ነበር። በጣቶቼ ያዝኩት። ብሰጣቸው በማግስቱ ወጥታ ታገኘዋለች፤ እስከ ቅዳሜ ትዘላለች፤ ጨዋታው ያልቃል።

«ጥዬዋለሁ» አልኳቸው።

እትዬ ይመኙሻል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ኪሴንም አዩት። ከዚያ ወደ ጥጉ መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን፣ መብራቴ ቢጫ ስትሆን፣ ይዤው እወጣለሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ በእጄ አገላብጠዋለሁ፤ ይዤው እገባለሁ። ተራው የእኔ እስከሆነ ድረስ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።